ሲ ድራይቭ ቀይ ሲሆን፦ ፎርማት ሳታስደርጉ ቦታ ማስለቀቂያ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ፣ ሰፈሩ ከከተማ ራቅ ስለሚል ሰው ኮምፒውተሩ ሲያስቸግረው መገናኛ ድረስ ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ እኔ ጋ ነው ብቅ የሚለው። ከሚመጡልኝ ላፕቶፖች ብዙዎቹ አንድ አይነት ችግር ነው ያለባቸው፣ አንዱ "ተንቀራፈፈብኝ" ይላል፣ አንዱ "አፕዴት አልቀበል አለ"፣ ሌላዋ "ወርድ ሴቭ አላደርግም አለኝ" ትላለች፣ ከፍቼ ሳየው ዊንዶውሱ ያለበት ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ባለፈው የጎረቤቴ ልጅ እያለከለከች መጣች፣ አካውንቲንግ ጨርሳ በቅርቡ ስራ የጀመረች ልጅ ናት። "ጋሼ፣ ነገ ሪፖርት አለብኝ፣ የሂሳብ ፕሮግራሜ ፒችትሪው አልከፈት አለኝ፣ አንድ ልጅ ደግሞ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም አለኝ" አለች። "ቆይ እስኪ፣ ፎርማቱ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ምን እንደበላው እንይ" አልኳት። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ 1.4 ጊጋ ብቻ የቀረው ድራይቭ ወደ 34 ጊጋ ባዶ ቦታ ነበረው፣ ከምትፈልገው ነገርም አንድ ፋይል አልጠፋባትም። እዚህ የምጽፍላችሁ ያን ቀን ያደረግነውን ነው፣ ለሌሎች ሰዎች ስሰራ ያየሁትንም እጨምርበታለሁ።

ፎርማትን የምቃወመው ለምን መሰላችሁ፣ ፎርማት ሲደረግ ፕሮግራሙ ሁሉ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ዴስክቶፕ ላይ የነበረ ዶክመንት ረስተው ያጠፉበት ሰው ብዙ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ሶስት አራት ወር ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል። አብዛኛውን ጊዜ ድራይቩን የሞላው ዊንዶውሱ ሳይሆን እኛው ራሳችን በማናየው ቦታ ያጠራቀምነው ነገር ስለሆነ ያጠራቀምንበት መንገድ ካልተቀየረ ፎርማት ምንም አይፈይድም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ላፕቶፑን ቻርጀሩ ላይ ሰኩና ባትሪው ሙሉ እስኪሆን ጠብቁ። በኛ ሰፈር መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ መብራት በሚረጋበት ሰዓት ስሩት። የግድ የሚያስፈልጋችሁን ነገር፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልጆች ፎቶ፣ የሂሳብ ዳታ፣ መጀመሪያ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አርጉት።

ከዚያ ዲስ ፒሲ የሚለውን ክፈቱና ሲ ድራይቭ ስር የተጻፈውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ባዶው ስንት እንደሆነ ከስንት ላይ እንደሆነ። መስመሩ ቀይ የሚሆነው ከ10 በመቶ በታች ሲቀር ነው። የልጅቷ ላፕቶፕ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ አለው ተብሎ ነው የተሸጠላት፣ ዊንዶውስ ግን 238 ብሎ ነው የሚያነበው፣ ይሄ ማታለል አይደለም፣ አምራቹ ጊጋውን በአንድ ቢሊዮን ባይት ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥር ነው፣ 128 የተባለውም በዚሁ ምክንያት 119 ሆኖ ይታያል። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነበር፣ መጀመሪያ ዊንዶውስ የጫነላት ሰው ድራይቩን ለሁለት ከፍሎ ለሲ 80 ጊጋ ብቻ ሰጥቶ የቀረውን በሙሉ ለዲ አድርጎታል፣ እሷ ደግሞ ዲ ድራይቭን ከፍታ አታውቅም። ሲ ሊፈነዳ ደርሶ ዲ ባዶውን ተኝቷል። የናንተም እንደዚህ ከሆነ ስራው በጣም ቀላል ነው፣ ግማሹ ዕቃ ማዛወር ነው።

ማን እንደበላው እዩ

ይሄን ዘላችሁ ወደ ማጥፋት አትሂዱ። ሴቲንግ ክፈቱ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ። ትንሽ ይቆጥራል፣ ታገሱት፣ ከዚያ አፕስ ይሄን ያህል፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ ይሄን ያህል እያለ በየዘርፉ ያወጣላችኋል። ዊንዶውስ 10ም 11ም ላይ ቦታው አንድ ነው፣ ሌሎቹን ዘርፎች ለማየት ሾው ሞር የሚለውን ተጫኑ። ሲስተም ኤንድ ሪዘርቭድ የሚለው ብዙ ጊጋ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፣ ዊንዶውስ ራሱና ለአፕዴት ብሎ አስቀድሞ የሚይዘው ቦታ ነው።

ይሄ ግን ጥቅሉን ነው የሚነግራችሁ፣ የትኛው ፎልደር እንደሆነ ለማወቅ ዊዝትሪ ወይም ዊንዲርስታት የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፣ እኔ ዊዝትሪን ነው የምጠቀመው፣ ሰከንዶች ውስጥ ድራይቩን በሙሉ አንብቦ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይደረድረዋል፣ ከስር ደግሞ በቀለም ሳጥን ያሳያል፣ ትልቅ ሳጥን ካያችሁ ትልቅ ፋይል ነው ማለት ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ፓኬጅም አይበላም፣ ብቻ ከራሱ ዌብሳይት አውርዱት፣ ከየቦታው የሚገኝ ክራክ የተደረገ ክሊነር ምናምን የሚባል ነገር አትጫኑ። ሬጅስትሪ፣ ማለትም ዊንዶውስ ሴቲንጉን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ያጸዳል የሚባለውም ቦታ አያስለቅቅም፣ ሬጅስትሪ እንኳን ቢጸዳ የሚገኘው ኢምንት ነው፣ የሚያመጣው ጣጣ ግን ይብሳል።

ምንም መጫን ካልፈለጋችሁ ሲ ድራይቭን ከፍታችሁ በላይ በቀኝ በኩል ያለውን መፈለጊያ ሳጥን ተጫኑ፣ ሰርች ኦፕሽን ውስጥ ሳይዝ የሚል አለ፣ ጃይጋንቲክ ስትሉት ከ4 ጊጋ በላይ ያሉትን ብቻ፣ ሂዩጅ ስትሉት ደግሞ ከ1 እስከ 4 ጊጋ ያሉትን ያወጣላችኋል። አንድ የተረሳ ፊልም ወይም የዊንዶውስ መጫኛ (አይኤስኦ) ፋይል እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ይያዛል።

ያለ ስጋት የሚጠፋው

ሪሳይክል ቢን። ዲሊት ያደረጋችሁት ነገር ሁሉ እዚያ ነው ያለው፣ ቦታውንም አልለቀቀም። አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ጣል አድርጋችሁ የምትፈልጉት ከሌለ ኤምፕቲ አርጉት። የልጅቷ 3 ጊጋ ከዚህ ብቻ ተገኘ።

ቴምፖራሪ ፋይልስ። ስቶሬጅ ውስጥ ይሄን ስትከፍቱ ከጎናቸው ምልክት የሚደረግባቸው ብዙ ዝርዝሮች ይመጣሉ፣ ዊንዶውስ አፕዴት ክሊንአፕ፣ ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ፋይልስ፣ ተምብኔይልስ፣ ቴምፖራሪ ፋይልስ፣ እነዚህ ይጥፉ። እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ግን ዳውንሎድስ የሚል አለ፣ እባካችሁ እሱ ላይ ምልክት እንዳይኖር አረጋግጡ!! ምልክት ካለበትና ካስቀጠላችሁ ዳውንሎድ ፎልደራችሁ በሙሉ ነው የሚሄደው፣ ሪሳይክል ቢን ውስጥም አታገኙትም። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ያጣ ተማሪ አይቼ አውቃለሁ፣ ልጁ ሲያለቅስ የነበረው አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን የሚል ካያችሁ ደግሞ እሱ ከትልቅ አፕዴት በኋላ የቀረ የድሮው ዊንዶውስ ነው፣ 10 ጊጋም 20 ጊጋም ሊሆን ይችላል። ወደ ድሮው ለመመለስ የተቀመጠ ስለሆነ አዲሱ በደንብ እየሰራላችሁ ከሆነ አጥፉት፣ ብትተዉትም ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ያጠፋዋል።

ሴቲንጉ አልከፈት ካለ ወይም አሮጌ ዊንዶውስ ከሆነ ስታርት ላይ ዲስክ ክሊንአፕ ብላችሁ ፈልጉ፣ ሲን ምረጡ፣ ከዚያ ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ የሚለውን ተጫኑ። ይሄን ሁለተኛውን ሳይጫኑ የሚዘጉት ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ትልልቁ ነገር የሚመጣው ግን እሱ ከተጫነ በኋላ ነው። የአፕዴቱ ማጽዳት በተለይ ሀርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ማሽን ላይ በጣም ይቆያል፣ ቆመ ብላችሁ አትዝጉት፣ ቡና አፍልታችሁ ጠጡ። ሲጨርስ ሪስታርት አርጉት።

የቴምፕ ፎልደር። የዊንዶውስ ቁልፉን ይዛችሁ አርን ስትጫኑ ትንሽ ሳጥን ትመጣለች፣ እዚያ ላይ ቴምፕ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ከፊቱም ከኋላውም የፐርሰንት ምልክት አርጉበት፣ ኤንተር። የሚከፈተው ፎልደር ውስጥ ያለውን በኮንትሮልና ኤ ምረጡና ዲሊት። ቀድማችሁ የተከፈቱ ፕሮግራሞችን ዝጉ። "ይሄ ፋይል ስራ ላይ ነው" ካላችሁ ስኪፕ በሉት፣ አትታገሉት።

ብሮውዘር። ክሮም ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ተጫኑ፣ ካችድ ኢሜጅስ ኤንድ ፋይልስ የሚለውን ብቻ ምረጡ፣ ፓስወርድና ኩኪስ የሚሉት ላይ ምልክት አታድርጉ፣ ካደረጋችሁ ከሁሉም አካውንት ወጥታችሁ ፓስወርድ ፍለጋ ትገባላችሁ።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው፣ ሪሳይክል ቢኑን ሳልቆጥር፣ 5 ጊጋ ሰጡን። ጥሩ ነው ግን ዋናው ሌባ ገና አልተያዘም ነበር።

ቴሌግራም

በኔ ልምድ እዚህ አገር የሰው ላፕቶፕ የሚሞላበት አንደኛው ምክንያት የዴስክቶፕ ቴሌግራም ነው። የግሩፕ ቪዲዮ፣ የቻናል ፒዲኤፍ፣ የቢሮ ፋይል፣ የዕድር ማስታወቂያ ሳይቀር በሱ ነው የሚመጣው። ሁለት ቦታ ነው የሚያጠራቅመው፣ ሰው ደግሞ ሁለቱንም አያውቃቸውም።

አንደኛው ካሹ ነው፣ በቻት ውስጥ ያያችሁት ፎቶና የተጫወተ ቪዲዮ በድብቅ ፎልደር ይቀመጣል። ይሄን በእጅ እየገባችሁ አታጥፉ፣ ከቴሌግራሙ ውስጥ አጥፉት፦ ሶስቱን መስመር ተጫኑ፣ ሴቲንግ፣ አድቫንስድ፣ ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ፣ ክሊር ኦል። ፎቶውና ቪዲዮው ከቻቱ አይጠፋም፣ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ስትፈልጉት ተመልሶ ይወርዳል፣ በእርግጥ ያኔ ዳታ ይበላል። እዚያው መስኮት ላይ ቶታል ሳይዝ ሊሚት የሚል መጎተቻ አለ፣ ወደ 1 ጊጋ ወይም 2 ጊጋ ዝቅ አርጉት፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ራሱ የድሮውን እያጠፋ ይሄዳል። የልጅቷ ካሽ 7 ጊጋ ነበር።

ሁለተኛው የባሰው ነው። ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚባል ሌላ ፎልደር አለ፣ ሴቭ ያላችሁት ፋይል ሁሉ እዚያ ነው የሚወርደው፣ ካሽ ክሊር ማድረግ ይሄን አይነካውም። ከፈትነው፣ 18 ጊጋ። ቪው ላይ ዲቴይልስ አደረግነውና ሳይዝ የሚለውን ርዕስ ተጭነን ከትልቁ ጀምሮ ደረደርነው። ከላይ ሁለት ሙሉ ፊልም፣ ቀጥሎ የአንድ የኤክሴል ኮርስ ቪዲዮ በሙሉ፣ ከዚያ የጓደኛዋ ሰርግ፣ ከስር ደግሞ አንድ የሂሳብ ፋይል ስሙ ላይ በቅንፍ 2፣ 3 እስከ 6 እየተባለ ስድስቴ ወርዷል፣ ባየችው ቁጥር እንደገና እያወረደችው ማለት ነው። "ይሄ ሁሉ የኔ ነው ጋሼ?" አለች፣ አዎ፣ ያንቺው ነው።

ፊልሞቹን አጠፋቻቸው፣ ከተደጋገመው ፋይል አንዱን ከፍታ የመጨረሻው መሆኑን አይታ ሌላውን አጠፋች፣ የሰርጉና የኮርሱ ቪዲዮ ወደ ዲ ሄደ። እዚህ ላይ ላጥፋው ወይስ ላቆየው የሚለውን እኔ አልወሰንኩላትም፣ እናንተም ለሰው ስትሰሩ አትወስኑ፣ ለናንተ ቆሻሻ የመሰለው ለባለቤቱ የሞተ አባት ድምጽ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ምንጩን መድፈን ነው። እዚያው ሴቲንግ፣ አድቫንስድ ውስጥ ዳውንሎድ ፓዝ የሚለውን ወደ ዲ ድራይቭ ቀይሩት፣ ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ የሚለው ስር ደግሞ ለግሩፕና ለቻናል ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት። ይሄ ለሞባይል ዳታ ፓኬጃችሁም ትልቅ እረፍት ነው።

ዕቃ ስታዛውሩ

ኮፒ አርጉ እንጂ ከት አታርጉ። ከአመታት በፊት አንዲት እናት የልጃቸውን የክርስትና ፎቶ ወደ ፍላሽ እንዳዛውርላቸው አምጥተው ነበር፣ ቶሎ ይለቅ ብዬ ከት አደረግኩት፣ መሃል ላይ መብራት ጠፋ፣ ስመልሰው አስር ምናምን ፎቶ ፍላሹ ላይ ስሙ ብቻ አለ፣ አይከፈትም፣ ኮምፒውተሩ ላይም የለም። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ኮፒ፣ ከዚያ በሄደበት ቦታ አምስት ስድስቱን ከፍታችሁ እዩ፣ የሁለቱን ፎልደር ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ የፋይሉ ብዛትና መጠኑ እኩል መሆኑን አመሳክሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከሲ ላይ አጥፉ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ማድረግ አትርሱ፣ አለበለዚያ ቦታው አይለቀቅም።

ፍላሽ ላይ ትልቅ ፋይል አልገባ ካለና ፍላሹ ግን ባዶ ከሆነ ፋት 32 በሚባለው አይነት ፎርማት ስለተደረገ ነው፣ እሱ ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። በውስጡ ያለውን አውጥታችሁ ኤክስፋት በሚለው ፎርማት አርጉት። ፍላሹን ሰው ጋ ወስዳችሁ ከነበረ ደግሞ መጀመሪያ ስካን አርጉት፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ በየኮፒ ቤቱ ነው የሚዞረው፣ የኔ ቤት ማሽን ላይ እንኳን በየቀኑ ነው ስካን የማደርገው።

ዲ ድራይቭ ካላችሁ ከዚህ የተሻለ ዘላቂ መንገድ አለ፣ ዶክመንትስን፣ ፒክቸርስን፣ ቪዲዮስን፣ ዳውንሎድስን ራሳቸውን ማዛወር ይቻላል። መጀመሪያ ዲ ላይ ለእያንዳንዱ ፎልደር ፍጠሩ፣ ለምሳሌ ዳውንሎድስ የሚል። ከዚያ ዋናውን ዳውንሎድስ በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ፣ አዲሱን ፎልደር ምረጡ፣ አፕላይ። ያሉትን ፋይሎች አብሮ ያዛውር ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ የስ። ይሄ ራሱ ከት ስለሆነ የስ ከማለታችሁ በፊት ፋይሎቹ ሌላ ቦታ ኮፒ የተደረጉ መሆኑን አረጋግጡ። በጣም የምለምናችሁ ግን ፎልደር ሳትፈጥሩ ዲ ድራይቭን ራሱን አትምረጡ፣ እንደዛ ካደረጋችሁ ዊንዶውስ ሙሉውን ዲ ድራይቭ ዳውንሎድስ አድርጎ ነው የሚቆጥረው፣ መልሶ ማስተካከሉ ራስ ምታት ነው።

ቪዲዮና ዲዛይን የምትሰሩ

የሰርግ ቪዲዮ የምትቆርጡ ሰዎች ፕሪሚየር የሚደብቀውን ነገር እዩ። ኤዲት ያደረጋችሁት ፕሮጀክት ሁሉ ሚዲያ ካሽ ይፈጥራል፣ ስታንዳርድ ሆኖ የሚቀመጠው ሲ ላይ ነው፣ ፕሮጀክቱ አልቆ ሰርገኞቹ ልጅ ከወለዱ በኋላም እዚያው አለ። ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ሚዲያ ካሽ ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋትም ቦታውን ወደ ሌላ ድራይቭ መቀየርም ይቻላል፣ ካሽ ስለሆነ ዋናው ቪዲዮ አይነካም፣ ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ እንደገና ይሰራዋል። ባነር የምትሰሩ ደግሞ ፎቶሾፕ "ስክራች ዲስክ ሞልቷል" ካላችሁ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ስክራች ዲስክስ የሚለውን ወደ ዲ ቀይሩት፣ መሃል ላይ መብራት ሲጠፋበት ጥሎት የሚሄደው ትልልቅ ቴምፕ ፋይልም ቅድም ባየነው የቴምፕ ፎልደር ውስጥ ነው የሚገኘው።

ሀይበርኔት፣ ሪስቶርና ፕሮግራሞች

ብዙ ሰው ሀይበርኔትን አጥፉ ብሎ ይመክራል፣ እውነት ነው ቦታ ይለቃል፣ የራማችሁን 40 በመቶ አካባቢ ነው የሚይዘው፣ 8 ጊጋ ራም ካላችሁ 3 ጊጋ ከምናምን ማለት ነው። እኔ ግን ባትሪው ደከም ያለ ላፕቶፕ ላይ አላጠፋውም። መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ዊንዶውስ የከፈታችሁትን ስራ ዲስክ ላይ ጽፎ የሚተኛው በሱ ነው፣ ካጠፋችሁት ዝም ብሎ ነው የሚዘጋው፣ ሴቭ ያልተደረገውም አብሮ ይሄዳል። የልጅቷን አልነካሁትም። ሀይበርኔት የማትጠቀሙበት ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ከማንድ ፕሮምፕትን በቀኝ ክሊክ ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ብላችሁ ክፈቱ፣ በእንግሊዝኛ ፓወር ብላችሁ ሳትለያዩ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ጨምሩበት፣ ስፔስ፣ ወደ ፊት ያዘነበለ ስላሽና ኤች፣ ስፔስ፣ ኦፍ፣ ኤንተር። ፋስት ስታርትአፕም አብሮ ስለሚጠፋ ሲከፈት ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ ኦፍ ያላችሁትን ኦን ብላችሁ ደግሞ መመለስ ነው።

ሪስቶር ፖይንት፣ ዊንዶውስ ሲበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለስበት፣ የሚይዘውን ቦታ ስታርት ላይ ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት ብላችሁ ፈልጋችሁ ኮንፊገር በሚለው ውስጥ ማሳነስ ይቻላል፣ ትንሽ ተዉለት፣ ሙሉ በሙሉ አታጥፉት። ፕሮግራም ለማራገፍ ሴቲንግ፣ አፕስ ገብታችሁ በሳይዝ ደርድሩት፣ አንድ ጌም 50 ጊጋ ይዞ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ፎልደሩን በእጅ ማጥፋት ማራገፍ አይደለም፣ አንኢንስቶል በሉት።

እጃችሁን የማታስገቡበት

ዊዝትሪ ላይ ትልልቅ ሆነው የሚታዩ ግን የማይነኩ ነገሮች አሉ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለው ዊንኤስኤክስኤስ የሚባለው በጣም ትልቅ ይመስላል፣ አንዱ ፋይል በሁለት ስም ስለሚቆጠር ነው የሚጋነነው፣ ማጽዳት ያለበት ቅድም ባልነው ዲስክ ክሊንአፕ ብቻ ነው። ኢንስቶለር የሚባለውን ፎልደር ካጠፋችሁ በኋላ ፕሮግራም ማራገፍም ማደስም ያቅታችኋል። ፔጅፋይል የሚለው ራም ሲያንስ ዊንዶውስ የሚደገፍበት ነው፣ ተዉት። ፕሮግራም ፋይልስና ፕሮግራም ዳታም እንደዚያው።

ሂሳብ የምትሰሩ ደግሞ፣ የፒችትሪ ካምፓኒ ዳታ ብዙ ጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ፎልደሩ የማይታወቅ ስም ስላለው ቆሻሻ ሊመስላችሁ ይችላል። የአንድ ድርጅት የዓመታት ሂሳብ ነው እሱ። ከፒችትሪው ውስጥ ፋይል፣ ባክአፕ ብላችሁ ባክአፑን ከኮምፒውተሩ ውጪ አስቀምጡት፣ ዋናውን ፎልደር ግን ከቦታው አታንቀሳቅሱት። የልጅቷ ፒችትሪ ቦታ ሲያገኝ ያለ ምንም ጥገና ተከፈተ።

ክላውድስ ለምትሉኝ፣ ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋ በነጻ ይሰጣል፣ ዋንድራይቭ 5 ጊጋ። ዶክመንት ለማስቀመጥ በጣም ጥሩ ነው፣ ቪዲዮ ለማዛወር ግን በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው አይሆንም፣ ስትጭኑም ስታወርዱም ፓኬጅ ነው የሚሄደው። ዋይፋይ ያለው ቢሮ ካላችሁ እዚያ ስሩት።

ተመልሶ እንዳይሞላ ስቶሬጅ ውስጥ በራሱ የሚያጸዳውን ስቶሬጅ ሴንስ የሚለውን አብሩና በወር አንዴ አርጉት፣ ዳውንሎድስን በተመለከተ የሚጠይቀውን ኔቨር ላይ ተዉት። ከድራይቩ ቢያንስ 15 በመቶውን ባዶ መተው ይሻላል፣ ኤስኤስዲ ጢም ሲል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ

ሲን ከዲ ቆርሶ ማስፋት ይቻላል ወይ ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። ይቻላል፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብታችሁ ዲን ሽሪንክ ስታደርጉት የሚለቀቀው ቦታ ከዲ በስተቀኝ ነው የሚመጣው፣ ሲ ደግሞ መስፋት የሚችለው ባዶው ቦታ ወዲያው ከጎኑ በስተቀኝ ሲሆን ብቻ ነው፣ ለዚህ ነው ኤክስቴንድ የሚለው ደብዝዞ አልጫን የሚለው። ንጹሁ መንገድ ዲ ላይ ያለውን በሙሉ ኤክስተርናል ላይ ኮፒ አድርጎ፣ ዲን አጥፍቶ፣ ሲን አስፍቶ፣ በቀረው ዲን እንደገና መፍጠር ነው። መሃላቸው ላይ ሪከቨሪ ፓርቲሽን ካለ ይሄም አይሰራም፣ ያኔ የፓርቲሽን ሶፍትዌር ያስፈልጋል፣ እሱን ደግሞ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን፣ ባትሪ በሌለው ማሽን በጭራሽ አትሞክሩት። ቢትሎከር፣ ድራይቩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ፣ ያለበት ላፕቶፕ ከሆነ የሪከቨሪ ቁልፉን ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ አይታችሁ ወረቀት ላይ ሳትገለብጡ አትጀምሩ።

ድራይቩ በአጠቃላይ 128 ጊጋ ብቻ ከሆነና ስራችሁ ከበዛ ግን ትልቅ ኤስኤስዲ መቀየሩ ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑ የሚቀበለው ባለ 2.5 ኢንቹን ሳታ ይሁን ወይስ ቀጭኗን ኤምዶት ቱ አስከፍታችሁ እዩ፣ ኤምዶት ቱም ሳታና ኤንቪኤምኢ የሚባል ሁለት አይነት አለው፣ አንዱ በሌላው ቦታ ላይሰራ ይችላል፣ ለዚህ ብላችሁ ከኮዬ ፈጬ መገናኛ ሁለቴ አትመላለሱ። የሚቀይርላችሁን ሰው ክሎን አርግልኝ በሉት፣ ያን ጊዜ ፕሮግራሙም ዶክመንቱም እንዳለ ወደ አዲሱ ይሄዳል። አሮጌውን ድራይቭ ተቀብላችሁ ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ በአዲሱ ሁለት ሳምንት ሳትሰሩበትና ሁሉም ነገር መኖሩን ሳታዩ ፎርማት አታርጉት፣ ለሰውም አትስጡት።